ሓድነት፦ ነገሥታት በጋብቻ የፈለጉት አንድነት

ዛሬ አብረን ወደ ሰሜን እንጓዝ። ባለ ትዳሮች ከሆናችሁ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ለጋብቻ በመዘጋጀት ላይ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ። መድረሻችን መቀሌ ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና ከተነሣችሁ ደብረ ብርሃንን፣ ደሴን፣ ወልድያን፣ አላማጣንና ማይጨውን እያለፋችሁ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። በአውሮፕላን ከሆነ በራስ አሉላ ስም በተሰየመው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ታርፋላችሁ። ከኩሓ በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ከተማዋ ከሥራችሁ ተዘርግታ ትታያለች። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ሰማይዋ ጥርት ያለ፣ ነፋሷም የማይከብድ ከተማ ናት። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶቿ የተሠሩት ከድንጋይ ነው። ከአፋር ቆላ ጨው የጫኑ ግመሎች ለብዙ ዘመናት ወደ ገበያዋ ሲጎርፉ ኖረዋል፤ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ያለፈውም በዚሁ መንገድ ነበር።

ከመቀሌ ክፍለ ከተሞች አንዷ ሓድነት ትባላለች። በትግርኛ “ሓደ” ማለት “አንድ” ማለት ነው፤ “ሓድነት” ደግሞ “አንድነት” ነው። እንግዲህ ባጃጅ አስቁማችሁ “ሓድነት” ስትሉ ሳታስቡት “ወደ አንድነት ውሰደን” እያላችሁ ነው ማለት ነው! ሓድነት ስትደርሱ ካሜራ የሚያስመዝዝ ነገር ላታገኙ ትችላላችሁ። ዩኒፎርም ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚመለሱ እናቶች፣ በየሱቁ ደጃፍ የሚሰጥ የጠዋት ሰላምታ፣ ከየቤቱ የሚወጣ የቡና ሽታ ይቀበሏችኋል። በዕድሜ የገፉ እናት ካገኛችሁ “ኣደይ፣ ከመይ ሓዲርክን?” በሏቸው። “እናቴ፣ እንዴት አደሩ?” ማለት ነው። መልሱ ከምርቃት ጋር ይመጣላችኋል።

በዚህ ሰፈር እንድንቆም ያደረገን ስሙ ነው። ሁለት እንዴት አንድ ይሆናሉ? ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ቤተሰብ፣ ሁለት ሰው እንዴት አንድ ይሆናሉ? መቀሌ ላይ ይህ ጥያቄ የዛሬ አይደለም። በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት ነገሥታትና መሳፍንት አንድነትን በአንድ መንገድ ሲፈልጉት ኖረዋል፤ ያም መንገድ ጋብቻ ነበር። ምን አተረፉበት? እስቲ ባጃጃችንን ወደ አጼ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት እናዙረውና እንይ።

ለሰላም የተዳረች ሕፃን

የአጼ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት በ1870ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ ባለሙያ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። ጎብኚዎች ስለ ጦርነቱና ስለ ዙፋኑ ብዙ ይሰማሉ፤ በዚህ የንጉሥ ቤት ምራት ሆና ስለ መጣች አንዲት ሕፃን የሚጠይቁ ግን ጥቂት ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለአጼ ዮሐንስ ገቡ፤ በዘመኑ ልማድ መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ታረቁ። ግን እርቁ ልብ ውስጥ አልዘለቀም። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ሲዋጉ አጼ ዮሐንስ በመካከል ገብተው ሁለቱንም ገሠጹ። ሰላሙን ለማጽናት ከተፈለጉት መንገዶች አንዱ ጋብቻ ነበር። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለአጼ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ዘውዲቱ የተወለደችው በ1868 ዓ.ም. ነው፤ ጋብቻዋም የተፈጸመው በዚያው በ1870ዎቹ ነው። ዕድሜዋን እናንተው አስሉት። አሻንጉሊት በምትይዝበት ዕድሜ የሁለት መንግሥታት ውል በትከሻዋ ላይ ተጫነ።

በ1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ ሞተ። ከዘውዲቱ ልጅ አልተወለደም። በዚያው ወቅት አባቷ ምኒልክ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ሆነው በአማቷ በአጼ ዮሐንስ ላይ እያደሙ ነበር። አስቡት፤ አንዲት ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች መበለት፣ “አባቴ” የምትላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ጦር እየሰበቁ! እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አጼ ዮሐንስ በአባቷ ላይ የነበራቸውን ቁጣ በእርሷ ላይ አላወጡትም፤ ብዙ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ ሸዋ ላኳት። ለሰላም ተብላ የመጣችው ልጅ ግን ሰላም ሳይመጣ ተመለሰች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው ለወራሽነት አስታወቁ። በሸዋ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ። በሠርግ የተሰፋው በአንድ ዓመት ውስጥ ተተረተረ።

ራስ መንገሻም በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለምኒልክ ገቡ። በዚህም ጊዜ ጋብቻ አልቀረም፤ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ወይዘሮ ከፋይ ዋሌ ለራስ መንገሻ ተዳሩ። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች እዚያ ላይ መሽገው ነበር። የሸዋና የትግራይ ጦር አብሮ ከበባቸው፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጩ ተያዘባቸውና በጥር ወር ምሽጉን ለቀው ወጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ራስ መንገሻና ምኒልክ ዓድዋ ላይ አብረው ተሰለፉ። ድንቅ አንድነት ነበር! ነገር ግን የጋራው ጠላት ከሄደ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም። ራስ መንገሻ ሸፈቱ፤ በ1891 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡና ወደ አንኮበር ተጋዙ፤ የቀረ ዕድሜያቸውም በእስር አለፈ።

ይህ ለባለ ትዳሮችም ትምህርት አለው። አንዳንድ ባልና ሚስት አንድ የሚሆኑት የጋራ ባላጋራ ሲኖራቸው ብቻ ነው፤ ከአማት ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ከቤት አከራይ ጋር ሲጣሉ ይስማማሉ። ባላጋራው ሲጠፋ ግን እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ። በጠላት የመጣ አንድነት ከጠላት ጋር ይሄዳል።

ሁለት ቀን

የዘውዲቱ መከራ በዚህ አላበቃም። በኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ዋሌን አገቡ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው። የጣይቱ ወገን በዚህ በኩል ተመልሶ ሥልጣን እንዳይይዝ ስለተፈራ ራስ ጉግሣ ከሚስታቸው ተለይተው ወደ በጌምድር ተላኩ። ባልና ሚስት በመኳንንት ውሳኔ ተለያዩ። ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ጦር አንሥተው መጡ። መጋቢት 22 ቀን አንችም በተባለ ስፍራ አውሮፕላን ጭምር በተሳተፈበት ውጊያ ተገደሉ። ታመው የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም መጋቢት 24 ቀን አረፉ። የሁለት ቀን ልዩነት ብቻ! ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ትዳራቸው በሌሎች ሰዎች እጅ ሲታሠርና ሲፈታ የኖሩ ሴት እንዲህ ሆነው አለፉ።

ቄሣሮችም እንዲሁ ነበሩ

“ይህ የእኛ አገር ችግር ነው” እንዳንል፣ ጌታችን በተወለደበት ዘመን ዓለምን ይገዙ ወደነበሩት ሮማውያን ለአፍታ እንሻገር። እነዚህን ሰዎች ከሉቃስ ወንጌል እናውቃቸዋለን። የሕዝብ ቆጠራውን ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር ነው (ሉቃ. 2፥1)፤ መጥምቁ ዮሐንስ ስብከቱን የጀመረው በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን ነው (ሉቃ. 3፥1)።

ከእነርሱ በፊት የነበረው ዩልዮስ ቄሣር ብቸኛ ሴት ልጁን ዩልያን ለተቀናቃኙ ለጦር መሪው ለፖምፔ የዳራት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ዓመት ነው። ለሥልጣን የተደረገ ጋብቻ ቢሆንም ሁለቱ ተዋደዱ። ነገር ግን ዩልያ በ54 በወሊድ ምክንያት ሞተች። አምስት ዓመት ሳይሞላ አማትና አማች ጦር ተማዘዙ፤ ፖምፔም ተሸንፎ ወደ ግብፅ ሲሸሽ ተገደለ። በኋላ አውግስጦስ የተባለው ኦክታቪያንም እኅቱን ኦክታቪያን ከተቀናቃኙ ከማርቆስ አንቶንዮስ ጋር በ40 አጋባ። አንቶንዮስ ግን ከግብፅ ንግሥት ከክሌዎፓትራ ጋር ሆኖ በ32 ፈታት፤ በዓመቱ በአክቲዩም የባሕር ጦርነት ሆነ። የሚያስደንቀው የኦክታቪያ ጠባይ ነው። አንቶንዮስ ከሞተ በኋላ ከክሌዎፓትራ የወለዳቸውን ልጆቹን ሳይቀር ወስዳ አሳደገች።

የሁሉም አሳዛኝ ግን የጢባርዮስ ታሪክ ነው። ጢባርዮስ ቪፕሳንያ የምትባል የሚወድዳት ሚስት ነበረችው፤ ልጅም ወልደዋል። አውግስጦስ ግን ዙፋኑን በቤተሰቡ ለማጽናት ሲል ሚስቱን አስፈትቶ የራሱን ልጅ ዩልያን (ይህች ሌላይቱ ዩልያ ናት) አጋባው። ስዌቶንዮስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ጢባርዮስ አንድ ቀን ቪፕሳንያን በድንገት ቢያያት ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ተከተላት፤ ከዚያ ወዲያ እንዳያገኛት ጥንቃቄ ተደረገ። አዲሱ ትዳር ደግሞ ፈረሰ፤ ዩልያንም በምንዝር ተከሳ አባቷ ራሱ ወደ ደሴት አጋዛት። ዝሙትን የሚቀጣ፣ ጋብቻን የሚያበረታታ ሕግ ያወጣው ይኸው አውግስጦስ ነበር! ሕግ አውጥቶ የራሱን ቤት ማቅናት አልቻለም።

ሁለት ሠርግ በአንድ ዓመት

ወደ መቀሌ እንመለስ። ዘመኑ 1924 ዓ.ም. ነው። ትግራይ በአጼ ዮሐንስ ዘሮች መካከል ለሁለት ተከፍላለች፤ ምሥራቁ፣ ማለት የመቀሌው ወገን፣ በራስ ጉግሣ አርአያ ቤት፣ ምዕራቡ በራስ ስዩም መንገሻ እጅ ነው። ራስ ጉግሣ አርአያ የዚያ የዘውዲቱ ባል የራስ አርአያ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ ከሌላ ሴት የተወለዱ። ሁለቱ ቤቶች ተቀናቃኞች ነበሩ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሁለቱንም ለማሠር ሁለት ጋብቻ አደረጉ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን የራስ ስዩምን ልጅ ወለተ እስራኤልን አገቡ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅ ደግሞ የራስ ጉግሣን ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣን አግብታ ወደ መቀሌ መጣች። ዘውዲቱ በሄደችበት መንገድ፣ ለዚያው ለአርአያ ሥላሴ ቤት፣ ለዚያው ዓላማ።

ዘነበ ወርቅ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት በ1926 ዓ.ም. ሞተች። አስከሬኗ ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ተቀበረ። በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ድልድይ ከእርሷ ጋር ተሰበረ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረራውን ሲጀምር ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ ለጠላት ገባ፤ በጥቅምት ወር መጨረሻም መቀሌ በጣሊያን እጅ ወደቀች። አንድነት ያመጣል የተባለው አማች፣ አማቱ ንጉሠ ነገሥት ለዘመቻ በተነሡበት ሰዓት ከጠላት ጎን ቆመ። የአልጋ ወራሹና የወለተ እስራኤል ጋብቻም በፍቺ ተፈጸመ።

በዚሁ ቤት የጸና ትዳር

ይሁን እንጂ በመሳፍንት ቤት የተደረገ ጋብቻ ሁሉ ፈረሰ ማለት አይደለም። በ1941 ዓ.ም. የራስ ስዩም ልጅ መንገሻ ስዩም የአጼ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን አገቡ። ይህም በሁለቱ ቤቶች መካከል የተደረገ ጋብቻ ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ራስ ስዩም ከተገደሉ በኋላ መንገሻ ትግራይን ከመቀሌ ሆነው አስተዳደሩ። ራሳቸው ቡልዶዘር እየነዱ መንገድ ሲያወጡ የአገሩ ሰው ያስታውሳቸዋል።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ልዕልት አይዳ አዲስ አበባ ላይ ታሰሩ፤ ባላቸው ጫካ ገቡ፤ ከዚያም ተሰደዱ። ልዕልት አይዳ ከእስር የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው። ወደ አሥራ አራት ዓመት! የንጉሡ ዙፋን ፈርሷል፤ የራስነት ማዕረግ ቀርቷል፤ ርስቱ ተወርሷል፤ ጋብቻውን ያስፈለገው ፖለቲካ ሁሉ አፈር በልቷል። ከዚህ በኋላ እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ሥልጣንም ጥቅምም አልነበረም። ሆኖም ትዳሩ አልፈረሰም። ልዕልት አይዳ በጥር 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ እስኪያርፉ ድረስ ስድሳ አራት ዓመት ጸና።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከተማዋም ያችው መቀሌ ናት። በአንዱ ጋብቻ ጥቅሙ ሲያልቅ ውሉም አለቀ፤ በሌላው ግን ጥቅሙ አልቆ ቃሉ ቀረ። የመጀመሪያው ውል ነበር፤ ሁለተኛው ኪዳን ሆነ።

ውል ወይስ ኪዳን?

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። የሳኦልን ልጅ ሜልኮልን አስታውሱ። ዳዊትን ወድዳ ነበር፤ አባቷ ግን ፍቅሯን ለዳዊት ማጥመጃ ሊያደርገው አሰበ (1ኛ ሳሙ. 18፥20-21)። ዳዊት ሲሸሽ ለሌላ ሰው ሰጣት (1ኛ ሳሙ. 25፥44)። በኋላ ዳዊት ከሳኦል ቤት ጋር ሲደራደር እርሷን መመለስ የድርድሩ ቅድመ ሁኔታ አደረገው፤ ሁለተኛው ባሏም እያለቀሰ ከኋላዋ ተከተላት (2ኛ ሳሙ. 3፥13-16)። ጢባርዮስ ከቪፕሳንያ ኋላ፣ ይህ ሰው ከሜልኮል ኋላ! ሥልጣን ትዳርን መሣሪያ ሲያደርግ በመንገድ ዳር የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም። ሜልኮልና ዳዊት እንኳ ዳግመኛ ከተገናኙ በኋላ ልባቸው አልተገናኘም (2ኛ ሳሙ. 6፥16-23)። የእግዚአብሔር ሰው የተባለው ንጉሥም ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም።

ታዲያ መፍትሔው ወዴት ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያው በቄሣሮች ግዛት ውስጥ እስረኛ ሆኖ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ሁለት ነገሮችን በአንድ መልእክት አስቀምጧል። በምዕራፍ 2 ስለ ሁለት ሕዝቦች አንድነት ይናገራል፤ ክርስቶስ በመስቀሉ የጥልን ግድግዳ አፍርሶ አይሁድንና አሕዛብን አንድ እንዳደረገ ያስተምራል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ስለ ባልና ሚስት አንድነት ይናገራል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ነገሥታቱ ጋብቻ ሰላምን ይወልዳል ብለው አሰቡ። ወንጌል ግን በመጀመሪያ ሰላሙን ከመስቀሉ ይሰጣል፤ ከዚያ ጋብቻ የዚያ ሰላም ፍሬ መታያ ይሆናል።

ሌላም ልዩነት አለ። ነገሥታቱ ለሰላም ብለው የሰጡት ሌላ ሰው ነበር፤ ሴት ልጃቸውን፣ እኅታቸውን፣ የወንድማቸውን ልጅ። ክርስቶስ ግን ስለ ሙሽራይቱ የሰጠው ራሱን ነው (ኤፌ. 5፥25)። አንድነት የሚመጣው ሌላውን በመስጠት አይደለም፤ ራስን በመስጠት ነው።

ሓድነት በቤታችን

“እኛ ነገሥታት አይደለንም፤ ይህ ምን ይመለከተናል?” የሚል ይኖር ይሆናል። ወዳጆች ሆይ፣ በጣም ይመለከተናል።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በተካሄደው ጦርነት መቀሌ ብዙ አይታለች። ስልክና ባንክ ተቋርጦ አንዱ መቀሌ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው ለወራት ድምፅ ለድምፅ ሳይሰማሙ የቆዩ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ከሁለት ወገን የተወለዱ ብዙ ባለ ትዳሮችም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በየምሽቱ ዜና ላይ ተለያይተዋል። ጥይት ያልደረሰበት ሳሎን ውስጥ የገባ ጦርነት ነበር። ቁስሉ ዛሬም ያልጠገገባቸው ቤቶች በየጉባኤያችን ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በፍቅር እናሳስባችሁ።

አንደኛ፣ “እናንተ” የምትለውን ቃል ተጠንቀቁባት። በትዳር ውስጥ ሚስትህ “አንቺ” ናት፤ ባልሽም “አንተ” ነው፣ ወይም በአክብሮት “እርስዎ” ነው። በክርክር መካከል “እናንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ” የሚል ቃል ከወጣ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ጠፍቶ በቦታው አንድ ብሔር፣ አንድ ፓርቲ፣ አንድ ጦር ቆሟል ማለት ነው። ከሠራዊት ጋር ማን ይታረቃል? እንግዲያው አፍሽን፣ አፍህን ወደ “አንቺ”ና ወደ “አንተ” መልሱ። የቆሰለው ወገንህ ብቻ አይደለም፤ የሚስትህም ወገን ቆስሏል። ከመከራከር በፊት አብራችሁ አልቅሱ፤ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ የክርስቲያን ግዴታ ነው (ሮሜ 12፥15)፤ ይህ ደግሞ ከቤት ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን የውል ማጽኛ አታድርጉ። ሽማግሌ መላክና ዘመድ መጠየቅ መልካም ባህል ነው። ነገር ግን “ማን ነው? ጌታን ይፈራል ወይ? ልጃችን ትወድደዋለች ወይ?” ከማለት በፊት “የየት አገር ሰው ነው? ምን አለው? ቪዛ አለው ወይ?” የምንል ከሆነ ከነገሥታቱ በምን ተሻልን? ዛሬ በዙፋን ፈንታ ውጭ አገር የመውጣት ተስፋ፣ በግዛት ፈንታ ንግድ፣ ለብዙ ሠርግ ምክንያት እየሆነ ነው። ተስፋው ሲጠፋ ትዳሩም ይጠፋል። በሌላ በኩል ደግሞ በወንጌል አንድ የሆኑ ሁለት ወጣቶች በወገናቸው ምክንያት ብቻ “አይሆንም” ሲባሉ እንሰማለን። ክርስቶስ ያፈረሰውን ግድግዳ መልሰን ስንገነባ እየተገኘን እንዳንሆን!

ሦስተኛ፣ ልጆችን በመካከል አታቁሙ። “ለአባትሽ ንገሪው”፣ “ለእናትህ እንዲህ በላት” እያልን በልጅ አፍ ስንነጋገር፣ ያቺን በሁለት አባቶች መካከል የቆመች ሕፃን ዘውዲቱን በቤታችን እየደገምናት ነው። ልጅ መልእክተኛም ሆነ መያዣ ሊሆን አይገባውም። ንግግሩ ቢከብድም ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይነጋገሩ፤ ካልቻሉ መጋቢያቸውን ወይም የታመኑ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይጥሩ።

ወደ መቀሌ የመሄድ ዕድል ስታገኙ ሓድነትን ሳታዩ አትመለሱ። ቤተ መንግሥቱ ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ውስጡ የታሰበው አንድነት አልተገኘም። አንድነት ባል ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ሻይ በምታፈላበት፣ ሚስት ስትደክም ባል ሕፃኑን በሚያዝልበት፣ ሁለቱም ማታ ተንበርክከው ስለ ሁለቱም ወገን በሚጸልዩበት ተራ ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሓድነትም ይሁን በአዳማ፣ በሐዋሳም ይሁን በጎንደር፣ እንዲህ ያለው ቤት ነገሥታቱ ያጡትን አግኝቷል።

አብራችሁ ተወያዩ

1. ትዳራችንን አንድ አድርጎ የያዘው ምንድን ነው? ጥቅም፣ ልጆች፣ የሰው ዓይን ወይስ በጌታ ፊት የገባነው ቃል?

2. ባለፉት ዓመታት በአገራችን የደረሰው ነገር በመካከላችን ያስቀረው ያልተነገረ ቁስል አለ? ዛሬ ማታ አንዳችን ሳናቋርጥ እናዳምጥ።

3. ያለንን ሁሉ ብናጣ እርስ በርሳችን የምንሰጣጠው ምን ይቀረናል?

4. ስለ ትግራይ፣ ስለ አማራ፣ ስለ አፋር፣ በጦርነት ስለ ተለያዩ ቤተሰቦች ሁሉ በስም እየጠራን አብረን እንጸልይ።

ሁለቱን አንድ ያደረገ ጌታ ቤታችሁን በሰላሙ ይጠብቅ። አሜን።